ሪፖዚተሪው ተከፍቷል፤ ጽሑፎቹስ የት አሉ?

የአንድ ዩኒቨርሲቲን ሪፖዚተሪ፣ ማለትም የምሁራኑ ጽሑፎች ተከማችተው በኢንተርኔት የሚነበቡበትን ማከማቻ፣ ይክፈቱ። ገጹ ይሠራል። ዓርማው ከላይ ተቀምጧል፤ የትምህርት ክፍሎቹ ስም በተራ ተደርድሯል። ከክፍሎቹ አንዱን ሲጫኑ ግን የሚያገኙት ሦስት ፋይል ነው፤ ሁለቱ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች፣ አንዱ ከዓመታት በፊት በዐውደ ጥናት ላይ የቀረበ። በዚያው ክፍል የሚያስተምሩት፣ በየዓመቱ በታወቁ ጆርናሎች የሚያሳትሙት መምህራን ስማቸው እንኳን የለም። ጥናት ስለማይሠሩ አይደለም። ሥራቸው ያለው አሳታሚው በክፍያ በቆለፈው ገጽ ላይ፣ አለበለዚያም በገዛ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ባዶ ገጽ ሲታይ ጥፋቱ ቶሎ ወደ ቴክኖሎጂው ይዞራል። ሶፍትዌሩ አርጅቷል፣ ሰርቨሩ ደካማ ነው፣ የአይቲ ባለሙያ የለም ይባላል። ሆኖም ሶፍትዌሩ በነጻ መገኘት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኢፕሪንትስን በ2000 ለቀቀ፤ ኤምአይቲ እና ኤችፒ በጋራ የሠሩት ዲስፔስ ደግሞ በ2002 ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለቱም ዛሬም በብዙ አገሮች ያገለግላሉ። እኔ እንደማየው ዋናው ችግር ሌላ ቦታ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው እና ጽሑፍን ማደራጀት፣ ተፈልጎ እንዲገኝ ማድረግና ማቆየት የሚያውቀው ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ እየዋሉ በሥራ አይገናኙም። መምህሩ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስታውሰው መጽሐፍ ሲፈልግ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም መምህሩን የሚያውቀው እንደ ተዋሽ ነው። ሪፖዚተሪ ደግሞ በዚህ ግንኙነት ላይ ሊቆም አይችልም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰጪው መምህሩ ነው።

ከሪፖዚተሪው ጀርባ ያለው የክፍት ተደራሽነት ሐሳብ በመነሻው ከባድ አይደለም። ተመራማሪ ለጆርናል ጽሑፍ ሲልክ ከአሳታሚው ክፍያ አይጠብቅም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥናቱን የደገፈው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንባቢውም ያለ ክፍያ ያንብበው ነው ነገሩ። በዲሴምበር 2001 ቡዳፔስት ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ይህንን ሐሳብ ቅርጽ አስያዙት፤ በፌብሩዋሪ 2002 ይፋ የሆነው መግለጫቸውም ሁለት መንገድ አመለከተ። አንደኛው ደራሲው ራሱ የጽሑፉን ቅጂ በክፍት ማከማቻ እንዲያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው ጆርናሎቹ ራሳቸው ክፍት እንዲሆኑ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ርቀት ሄዷል፤ ከደራሲው ምንም የማይጠይቁ ክፍት ጆርናሎችም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከፍተኛ ስም ባላቸው ጆርናሎች ዘንድ ክፍያው ከአንባቢው ትከሻ ወርዶ በደራሲው ትከሻ ላይ ተጭኗል። ኔቸር በ2020 መጨረሻ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል ሲያስታውቅ፣ ከፍሎ ማንበብ ያልቻለ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ መጻፍም እንደማይችል ግልጽ ሆነ። የመጀመሪያው መንገድ፣ ማለትም ቅጂን በማከማቻ ማስቀመጡ፣ ደራሲው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚከፍለው ሒሳብ የለውም። የሚጠይቀው የሰው ጉልበትና የጋራ ስምምነት ነው። ይሄ ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስምምነት በገንዘብ የማይገዛ ነገር በመሆኑ አንዳንዴ ከገንዘቡ ይከብዳል።

በፈቃደኝነት ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነ ቀድሞ ታይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2005 የገንዘብ ድጋፍ የሰጣቸውን ተመራማሪዎች “እባካችሁ የጽሑፋችሁን የመጨረሻ ረቂቅ በክፍት ማከማቻችን አስገቡ” ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ወራት ውጤት ሲቆጠር ያስገቡት ከመቶ 4 እንኳን አልሞሉም። በ2008 ጉዳዩ ግዴታ ሲሆን ቁጥሩ ተቀየረ፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ጽሑፉ ሳይከፈት እንዲቆይ ይፈቀድ የነበረው የአንድ ዓመት ጊዜም ቀርቶ በታተመበት ቀን ክፍት እንዲሆን ታዝዟል። ከ2005ቱ ውጤት ተነሥቶ ተመራማሪዎቹ ዕውቀትን የሚሰስቱ ናቸው ማለት ስሕተት ነው። ስለ ክፍት ተደራሽነት ቢጠየቁ አብዛኞቹ ይደግፋሉ። የማስገባቱ ሥራ ግን የቀናቸው አካል አልሆነም። ፈተና ማረም፣ ተመራቂ ማማከር፣ የገምጋሚ አስተያየት መመለስ፣ ስብሰባ መቀመጥ አለ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ አሥራ ምናምን ሳጥን ያለው ቅጽ የሚሞላበት ሰዓት የለም።

ይህንን በቅርብ ሄዶ ያየው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሪፖዚተሪ ከፍቶ መምህራኑ ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ሌላ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ናንሲ ፍሪድ ፎስተር የተባለች አንትሮፖሎጂስት ቀጠረ። እሷ እና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ሱዛን ጊበንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መምህራኑ ወደሚሠሩበት ቢሮ እየሄዱ እንዴት እንደሚጽፉ፣ ፋይላቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ከተባባሪ ደራሲዎቻቸው ጋር እንዴት እንደሚላላኩ ተመለከቱ፤ ግኝታቸውንም በ2005 መጀመሪያ አሳተሙ። መምህራኑ የሚያሳስባቸው ከጽሑፋቸው የትኛው ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ ማወቅ፣ ከቤትም ከቢሮም ሆኖ መሥራት፣ ከሩቅ ተባባሪ ጋር ሳይደናገሩ መጻፍ፣ ሥራቸው ለሚመለከተው ሰው መድረሱ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ሲነግራቸው የነበረው ስለ “ሜታዳታ”፣ ስለ “ዲጂታል ጥበቃ”፣ ስለ “ተቋማዊ ሪፖዚተሪ” ነው። ቃላቱ በጆሯቸው አልፈው ሄዱ። ስሙ ራሱ “የተቋሙ ማከማቻ” ስለሚል፣ ተቋሙ ከእነሱ የሚሰበስበው ነገር መስሎ ታያቸው፤ እነሱ የሚያገኙበት ነገር ሆኖ አልታያቸውም።

ከዚያ በኋላ ሮቸስተር ያደረገው ነገር ትምህርት ይሆነናል። የንግግሩን ፊት አዞረው። “ወደ ሪፖዚተሪያችን አስገቡ” ማለትን ትቶ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ሥራዎቹ በአንድ ቦታ የሚታዩበት የራሱ ገጽ አዘጋጀ። ከበስተጀርባ ያለው መጋዘን ያው ሪፖዚተሪው ነው፤ መምህሩ የሚያየው ግን የራሱን ስምና ሥራ ነው። ለዚህ የበቁት ጠይቀው ብቻ ሳይሆን ቢሮ ድረስ ሄደው አጠገቡ ቁጭ ብለው በማየታቸው ነው።

ቢሮው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ቀጠሮ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ወደ አንድ የአፈር ሳይንስ መምህር ቢሮ ትገባለች። ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ከጉግል ስኮላርና ከሌሎች ቋቶች የሰበሰበችውን የ23 ጽሑፎች ዝርዝር በወረቀት አትማ ይዛለች። “ዶክተር፣ እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ናቸው?” ትላለች። መምህሩ እስክሪብቶ አንሥቶ ሁለቱን ይሰርዛል፤ ስሙን የሚጋራው የሌላ አገር ሰው የጻፋቸው ናቸው። አራት ደግሞ ይጨምራል፤ አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ ሁለት ለመሥሪያ ቤት የተጻፉ ሪፖርቶች፣ አንድ የትም ቋት ያልመዘገበው የአገር ውስጥ ጆርናል ጽሑፍ። እስካሁን አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ዝርዝሩ ግን ከማንኛውም ማሽን ዝርዝር የተሻለ ሆኗል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ጥያቄ ነው። “ጆርናሉ ከተቀበለው በኋላ፣ አሳታሚው ገጹን ከማሰናዳቱ በፊት የነበረው ፋይል አለዎት?” መምህሩ “የታተመው ፒዲኤፍ አለ፣ አሁኑኑ ልላክልዎት” ይላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የታተመውን፣ የአሳታሚው ዓርማና የገጽ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ብዙ አሳታሚዎች በሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። የሚፈቅዱት ከአቻ ግምገማ በኋላ ታርሞ ተቀባይነት ያገኘውን የደራሲውን የመጨረሻ ረቂቅ ነው። ይዘቱ ያው ነው፤ መልኩ ግን ተራ የወርድ ፋይል ነው። መምህሩ ደግሞ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ያንን ፋይል የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም።

ስለዚህ ወደ ኢሜይሉ ይገባሉ። “ተቀባይነት አግኝቷል” የሚለውን የአርታዒውን ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ ከደብዳቤው በፊት ባሉት ሳምንታት የተላኩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይከፍታሉ። አንዱ የገምጋሚዎቹ አስተያየት በቀለም የሰፈረበት ነው። ሌላው የተባባሪ ደራሲ ማስታወሻ በኅዳጉ ላይ አለበት። ሦስተኛው ንጹሕ ነው፤ ግን ሠንጠረዥ 2 የታረመው እዚህ ላይ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ? ይህንን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ሁኔታ ሊቀመጥ እንደሚችል የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ሁለቱ አንድ ስክሪን ፊት ካልተቀመጡ ፋይሉ አይወጣም።

የአምስቱ ጽሑፎች ፋይል ያለው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በሄደ ተባባሪ ደራሲ እጅ ነው። ባለሙያዋ ደብዳቤውን እዚያው አርቅቃ ትሰጠዋለች፤ የሚላከው ግን በመምህሩ ኢሜይል ነው። ከማያውቀው ቤተ መጻሕፍት ለመጣ ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ሰው አብሮት ለጻፈ ጓደኛው በማግስቱ ይመልሳል። ብዙ ሪፖዚተሪዎች የሚወድቁት እንደዚህ ባለ ጥቃቅን ነገር ላይ ይመስለኛል፤ ማን ይጻፈው፣ በማን ስም ይሂድ፣ በየትኛው ቀን ይጠየቅ የሚለው ላይ።

የቀኑ ነገር በተለይ ዋጋ አለው። ፋይሉ በሦስት ዓመቱ ሲጠየቅ ቁፋሮ ነው፤ ተቀባይነት ባገኘበት ሳምንት ሲጠየቅ ግን ዴስክቶፑ ላይ ነው። አሳታሚው የ6፣ የ12 ወይም የ24 ወር እግድ ቢጥልም ዛሬ አስገብቶ በቀኑ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ሶፍትዌሮቹ ቀኑን ራሳቸው ይጠብቃሉ። በዲስፔስም በኢፕሪንትስም እስከዚያው አንባቢው ቅጂ እንዲላክለት ደራሲውን የሚጠይቅበት ቁልፍ አለ። የየአሳታሚውን ደንብ ለማጣራት ደግሞ ሼርፓ ሮሚዮ በሚል ስም ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ቋት አለ። መምህር ይህንን ቋት እንዲያጠና መጠበቅ አይገባም፤ ይሄ ሙሉ በሙሉ የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ነው።

መብቱ ከመሰጠቱ በፊት

እግዱና ክልከላው ከየት ይመጣል? ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ መምህሩ በጥድፊያ ከሚፈርመው ውል ነው። ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርሙታል፤ አንብበውም ብቻቸውን ሆነው ከትልቅ አሳታሚ ጋር መደራደር አይችሉም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ብልሁ ነው፤ የመጣውም ከመምህራኑ ነው።

በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 የሃርቫርድ የሥነ ጥበባትና ሳይንስ ፋኩልቲ መምህራን አንድ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፉ። ሐሳቡን ያቀረበው የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ስቱዋርት ሺበር ነበር፤ በወቅቱ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር የነበረው የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ዳርንተንም በይፋ ደግፎታል። ውሳኔው እንዲህ ይሠራል፦ እያንዳንዱ መምህር ከዚያ ቀን በኋላ የሚጽፈውን የጆርናል ጽሑፍ በክፍት የማሰራጨት ፈቃድ አስቀድሞ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ፈቃዱ ብቸኛ አይደለም፤ መምህሩ የቅጂ መብቱን አያጣም። ነገር ግን ከአሳታሚው ውል በፊት የተሰጠ በመሆኑ አሳታሚው ሲመጣ ይህ ፈቃድ ቀድሞት ተቀምጧል። ለአንድ ጽሑፍ መምህሩ ባይፈልግ ጽሑፉ ከዚህ ፈቃድ ውጭ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል፤ ይፈቀድለታልም። ከውሳኔው በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሥራውን የሚያንቀሳቅስ ቢሮ ተቋቋመ፤ ሺበርም መራው፤ ዳሽ የተባለው ሪፖዚተሪም በ2009 ተከፈተ። በዚያው ዓመት በማርች ወር የኤምአይቲ መምህራን ተመሳሳይ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፉ፤ ኮሚቴውን የመራው ሃል አቤልሰን ሲሆን የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር አን ዎልፐርትም ከጎኑ ነበረች።

የዚህ አሠራር ጥንካሬ ሥራውን በተፈጥሮው ቦታ መክፈሉ ነው። መምህር ብቻ ሊወስን የሚችለውን፣ ማለትም ስለ ገዛ ጽሑፉ መብት፣ መምህራኑ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልፋት፣ ማጣራቱን፣ ማስገባቱን፣ ከአሳታሚ የሚመጣውን ጥያቄ መመለሱን ቤተ መጻሕፍቱ ወሰደ። መብትን አስቀድሞ ማቆየት ዛሬ በአውሮፓም ተስፋፍቷል፤ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ደንብ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

መምህራን ድምፅ ያልሰጡበት ደንብ ሁሉ ይወድቃል ማለት ግን አይቻልም። የቤልጂየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ያፈርሰዋል። በዚያ መመሪያው የመጣው ከላይ ነው፤ የቫይረስ ተመራማሪ ከነበረው ከሬክተሩ ከበርናር ራንቲዬ። ኦርቢ የተባለው ሪፖዚተሪ በ2008 መጨረሻ ሲከፈት ቁርጥ ያለ አንድ ደንብ ተነገረ፦ ለማዕረግ ዕድገትና ለውስጥ የጥናት ድጋፍ የሚቆጠሩት ኦርቢ ላይ የተቀመጡ ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ለዕድገት ሲያመለክት የጽሑፎቹን ዝርዝር በተለየ ቅጽ አይሞላም፤ ዝርዝሩ ከሪፖዚተሪው ይወጣል። ኦርቢ በዓለም ላይ በደንብ ከተሞሉ የዩኒቨርሲቲ ማከማቻዎች አንዱ ሆነ።

ይህ አሠራር ሲኮረጅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማዕረግ ኮሚቴው “በሪፖዚተሪ መመዝገቡን” ብቻ ካየ፣ ፋይል የሌለው ባዶ መዝገብ ይከማቻል። ሌላም ሰው የማዕረግ ጊዜው ሲደርስ በአንድ ሌሊት ሃያ የታተመ ፒዲኤፍ ይጭናል፤ ግማሹ ያለ ፈቃድ የተጫነ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት አስገቢውን ተከትሎ የሚያጣራ በቂ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ደንቡ ወጥቶ ሰው ሳይመደብ የቀረበት ቦታ መጨረሻው ምሬት ነው፤ መምህሩ ጽሑፉን ልኮ ስድስት ወር ሳይከፈትለት ሲቀር፣ ሁለተኛ አይልክም።

ስም፣ ቃልና ቋንቋ

ጽሑፉ ገባ እንበል። ይገኛል ወይ? የሪፖዚተሪ ጥቅም የሚለካው በገጹ መነሻ በኩል በሚመጡ ጎብኚዎች አይደለም፤ አብዛኛው አንባቢ የሚመጣው ከጉግል ስኮላር፣ ወይም ከየሪፖዚተሪው መረጃ ከሚሰበስቡ እንደ ጀርመኑ ቤዝና እንደ እንግሊዙ ኮር ካሉ መፈለጊያዎች ነው። እነዚህ ሰብሳቢዎች የሚያነቡት ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ የጋራ የልውውጥ ደንብ ሲሆን፣ የሚያነቡትም በአብዛኛው በ1995 የተወጠነውንና 15 መሠረታዊ መስኮች ያሉትን፣ ደብሊን ኮር የተባለውን የጽሑፍ መግለጫ ሥርዓት ነው። ርእስ፣ ደራሲ፣ ቀን፣ ጉዳይ፣ ቋንቋ፣ መብት። አንዱ መስክ በተሳሳተ ነገር ሲሞላ ጽሑፉ አለ ግን አይታይም።

የደራሲ ስም በተለይ ያስቸግራል። ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጻፍ ስም ወደ ላቲን ሲገለበጥ አንዱ ሰው በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። የቤተሰብ ስም በሌለበት ደግሞ አንዱ ጆርናል የአባትን ስም ያስቀድማል፣ ሌላው የአያትን፤ በፍለጋው ላይ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ለዚህ የተበጀው በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አሐዝ መለያ ነው። በነጻ ይወጣል፤ ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቢሮ የሄደችው ባለሙያ ከመነሣቷ በፊት መምህሩ ኦርኪድ ከሌለው አብራው ብታወጣለት፣ ያ ሁለት የተሰረዘ የስም ተጋሪ ጽሑፍ ዳግመኛ አይመጣም።

የጉዳይ ቃላትም እንዲሁ የሁለቱን ሰው ይፈልጋሉ። ባለሙያዋ ቁጥጥር ያለው የቃላት ዝርዝር ታውቃለች፤ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ስም ይጠራ የነበረው ዘዴ ዛሬ በሌላ እንደሚጠራና የዛሬ ተመራማሪ በየትኛው እንደሚፈልገው የሚያውቀው መምህሩ ነው። አጥብቄ የምለው ሌላ ነገር አለ፦ ጽሑፉ በእንግሊዝኛም ሆነ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ቢሆን፣ ጥናቱ የተሠራበት አካባቢ ሰው በሚናገረው ቋንቋ አጭር ማጠቃለያ ይጨመርለት። ጆርናሉ ለዚህ ቦታ የለውም። ሪፖዚተሪው ግን አለው። ስለ አንድ ወረዳ አፈር የተጻፈን ጥናት በዚያው ወረዳ ያለ የግብርና ባለሙያ በራሱ ቋንቋ ፈልጎ ሲያገኘው፣ ክፍት ተደራሽነት የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል። ማጠቃለያውን ከመምህሩ በቀር ማንም በትክክል ሊጽፈው አይችልም፤ ባለሙያዋ ካልጠየቀችው ግን አይጽፈውም።

የመመረቂያ ጽሑፎች ነገር ይቀላል፤ ብዙ ሪፖዚተሪዎችም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ቨርጂኒያ ቴክ በ1997 ተመራቂዎቹ ጽሑፋቸውን በኤሌክትሮኒክ መልክ እንዲያስገቡ ግዴታ ካደረገ ወዲህ አሠራሩ በሰፊው ተለምዷል። ተመራቂው ጽሑፉን ሳያስገባ ክሊራንስ አያገኝም፤ አስገዳጁ ነገር እዚያው አለ። ሆኖም አማካሪው ከሥዕሉ ከወጣ አደጋ ይመጣል። ጽሑፉ ውስጥ የታካሚ ታሪክ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ቃል የተገባላቸው ሰዎች ቃለ መጠይቅ፣ ወይም የፓተንት ማመልከቻ ያልገባበት ግኝት መኖሩን የሚያውቀው አማካሪው ነው። ባለሙያዋ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አንብባ ልትደርስበት አትችልም። በማስረከቢያው ቅጽ ላይ “ወዲያው ይከፈት፣ ለአንድ ዓመት ይቆይ፣ ይህ አባሪ አይከፈት” የሚል ምርጫና የአማካሪው ፊርማ ቢኖር ነገሩ ያልቃል። “ከተከፈተ ጆርናል አይቀበለኝም” ለሚለው የተመራቂዎች ስጋትም ከሁሉ የተሻለው መልስ የሚመጣው በዚያው ዘርፍ ካሳተመ መምህር አፍ ነው፤ ከመመረቂያ ጽሑፍ የተወሰደ ሥራን የሚቀበሉት የትኞቹ ጆርናሎች እንደሆኑ ያውቃል።

ባለሙያዎች በየቢሮው የሚሰሙት አንድ መልስ አለ፦ “የእኔ ጽሑፍ እኮ ሪሰርችጌት ላይ አለ።” ሪሰርችጌትም አካዴሚያም ተመራማሪዎች የግል ገጽ ከፍተው ጽሑፋቸውን የሚያጋሩባቸው፣ በ2008 የተመሠረቱ የንግድ ድርጅቶች ናቸው። አመቺ ናቸው፤ መምህሩ ለምን እንደወደዳቸው መረዳት ይገባል፤ ሮቸስተር የደረሰበትን የግል ገጽ ፍላጎት ቀድመው የመለሱት እነሱ ናቸውና። ግን ጽሑፉ ነገም እዚያ እንዲኖር ቃል የገባ የለም። በ2013 ትልቁ የጆርናል አሳታሚ ኤልሲቪር ጽሑፎች ከአካዴሚያ እንዲነሡ ጠይቆ ነበር፤ በ2017 ደግሞ ሪሰርችጌት በአሳታሚዎች ተከሰሰ። የተመራማሪዎች ማከማቻ ሆኖ የኖረው ኤስኤስአርኤን በ2016፣ ለዩኒቨርሲቲዎች የሪፖዚተሪ አገልግሎት ይሸጥ የነበረው ቢፕሬስ በ2017 በኤልሲቪር ተገዝተዋል። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ማከማቻ የሚይዘው ለክብሩ ብሎ አይደለም፤ ባለቤቱ በአንድ ማለዳ እንዳይቀየርበት ነው።

የራስ የሆነውም ቢሆን በራሱ አይጠበቅም። በኤፕሪል 2021 በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል የአፍሪካ ጥናት ስብስቡ ብዙ ነገር አጣ፤ ቀድሞ ዲጂታል የሆነው ክፍል ተረፈ። በኦክቶበር 2023 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ሲመታ ደግሞ የአገሪቱን የዶክትሬት ጽሑፎች በአንድ ቦታ ለመፈለግ የሚያስችለው አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ በየዩኒቨርሲቲው ሪፖዚተሪ የተቀመጠው ቅጂ ግን በቦታው ነበር። ወረቀትም ይነዳል፣ ሰርቨርም ይወድቃል። ቅጂው ከአንድ በላይ ቦታ ይቀመጥ።

የሚቀረው የሰው ጉዳይ ነው። አንድ ቢሮ ሄዶ አርባ ደቂቃ መቀመጥ፣ ተመልሶ ፋይሎቹን ማጣራት፣ ደብዳቤ መጠበቅ፣ ማስገባት፤ ለአንድ መምህር ይህ የሁለት ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። መምህራኑ አምስት መቶ ከሆኑና ባለሙያው አንድ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ አይገጥምም። የሚገጥመው በሌላ መንገድ ነው። ከአንድ ትምህርት ክፍል ይጀመር፤ እዚያም ባልደረቦቹ የሚሰሙት አንድ መምህር ይገኝ። እሱ በክፍሉ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ሲናገር የቤተ መጻሕፍቱ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ የማያመጣውን ያመጣል። የየክፍሉ ጸሐፊም ሆነ የጥናት አስተባባሪ የማስገባቱን መጀመሪያ ክፍል ቢማር፣ ባለሙያዋ በማጣራቱ ላይ ታተኩራለች።

መምህሩን የሚያጸናው ደግሞ መልሶ የሚመጣለት ወሬ ነው። ጽሑፉ በዚህ ወር ስንት ጊዜ እንደወረደ፣ ከየት አገር እንደተነበበ የሚነግር አጭር ኢሜይል በየወሩ ይድረሰው። ክፍት የሆነ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቀሳል የሚሉ ብዙ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነቱ ምን ያህሉ ከክፍትነቱ፣ ምን ያህሉ ቀድሞውኑ ጥሩ ጽሑፍ ከመሆኑ እንደሚመጣ ግን ምሁራኑ ራሳቸው አልተስማሙም። ስለዚህ ስለ ጥቅስ ተስፋ ከመስጠት የወረደበትን ቁጥር በእውነት መንገር ይሻላል። በእውነት ስል፣ ቁጥሩ ከማሽን ጉብኝት መጽዳት አለበት፤ በቅርብ ዓመታት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መረጃ የሚሰበስቡ ቦቶች በየሪፖዚተሪው እየጎረፉ ሰርቨር እስከ ማቆም ደርሰዋል፣ የወረደበትንም ቁጥር ያሳብጣሉ። የተጋነነ ቁጥር አንድ ጊዜ የተነገረው መምህር፣ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱ ሲነገረው አያምንም።

ወደ አፈር ሳይንሱ መምህር እንመለስ። ከቀጠሮው በኋላ ከ25ቱ ሥራዎች 11ዱ ተከፍተዋል፣ 6ቱ እግዳቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ ከተባባሪው ሦስት ፋይል መጥቷል፣ የቀሩት አልተገኙም። ባለሙያዋ አላሰለቸችውም፤ በወሩ መጨረሻ ለአገር ውስጡ ጆርናል የጻፈውና የትም ቋት ያልነበረው ጽሑፍ ከሁሉ በላይ እንደተነበበ ጽፋ ላከችለት። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ከእሱ ኢሜይል ይደርሳታል። የአርታዒው የተቀባይነት ደብዳቤ ተያይዟል፤ ከሥሩም ንጹሑ የወርድ ፋይል አለ። “ዛሬ ተቀብለውኛል። ውሉን ገና አልፈረምኩም፤ ከመፈረሜ በፊት ቢያዩልኝ?” ይላል።